ሳይደርቅ ይፋቅ

ባለፈው ኅዳር መግቢያ ላይ አንድ ዓርብ ማታ አባቴ፣ «ነገ ሾላ መሄድሽ አይቀርምና አንድ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ስፓቱላና ሦስት አራት የብርጭቆ ወረቀት ይዘሽልኝ ነዪ» አሉኝ። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም። ጡረታ የወጣ ሰው እጁ ሥራ ሲፈታ እንደሚጨነቅ ስለማውቅ፣ የጓሮውን በር ሊያድሱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ዘንቢሌን ይዤ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ቅቤውን አሽትቼ፣ ምስሩን በእፍኜ ዘግኜ አይቼ፣ በሽንኩርቱ ዋጋ ተከራክሬ ከገዛሁ በኋላ ወደ ብረታ ብረት ሻጮቹ ዘንድ አመራሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ነጋዴ፣ «የኔ እመቤት፣ ይኼኛው ይሻልሻል፤ ሽቦው አይረግፍም» ብለው ብሩሹን መርጠው ሰጡኝ። ከፍዬ ወጣሁ። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ ለማወጋችሁ ጣጣ መሣሪያውን ገዝቼ ያቀረብኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ትንሽ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። የግቢውን በር ስከፍት አባቴ በጓሮው ፀሐይ ላይ አንድ አሮጌ የብረት የሕፃን አልጋ አጋድመው በሽቦ ብሩሽ ይሞሽሩታል። ከብረቱ የሚነሣው አቧራ በፀሐዩ ብርሃን ውስጥ እንደ ዱቄት ይበናል። የሁለት ዓመት ልጄ ደግሞ ከአልጋው ሥር ተቀምጦ የረገፈውን ቀለም አንድ በአንድ እንደ ቆሎ ይለቅማል። ጠጋ ብዬ ሳየው ፊቱና እጁ አረንጓዴና ነጭ ሆኗል። አፉን ከፍቼ በጣቴ ስፈትሽ አንድ የቀለም ቅርፊት አገኘሁ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። በአባቴ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ልጁን ከመሬት ነጥቄ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ።

አባቴ ብሩሹን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የመርከብ ዝገት ፍቄአለሁ። ይኸው ምን ሆንኩ?» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ይህን አልጋ ሁላችሁም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ወይ አልጋ፣ ወይ የብረት በር፣ ወይ የመስኮት ፍርግርግ ይሆናል። የእኛን አልጋ እናቴ ነፍሷን ይማርና ከብዙ ዓመት በፊት በእቁብ ብር ከዚያው ከሾላ አካባቢ ነበር የገዛችው። አራት ልጆች ተራ በተራ ተኝተንበታል። እናቴ አዲስ ልጅ በተወለደ ቁጥር አልጋውን አዲስ ቀለም ታስቀባው ነበር። ለታላቅ ወንድሜ ነጭ፣ ለእኔ ሰማያዊ፣ ለታናናሾቼ አረንጓዴ። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አባቴ ያን አልጋ ከዕቃ ቤት ያወጡት ለልጅ ልጃቸው ሊያድሱለት ነው። በሌላ አነጋገር የእርሷን እጅ ሥራ እየጠገኑ ነበር። እኔ የጮኽኩት በዚህ ላይ ነው።

ደግሞም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ባለቤቴ ሥራው ከከተማ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛችን ወደ አገሯ ከሄደች ወዲህ ልጄን ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁልኝ አባቴ ናቸው። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ስለ ሌሎች ቤተሰቦች የምጽፈው እርሳቸው ስላሉልኝ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ተሳስተዋል» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ሠራተኛ እናት የሆነች ሁሉ ትረዳኛለች።

ልጁን አጥቤ፣ ልብሱን ለውጬ የዚያኑ ዕለት ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ወጣቷ ሐኪም የሆነውን ሁሉ አዳመጠችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «አልጋው ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ነው። እኔ ስለ አቧራው ስጨነቅ እርሷ ስለ ቀለሙ ዕድሜ ትጨነቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም አምራቾች ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅና ብረትን ከዝገት እንዲጠብቅ ሲሉ እርሳስ የሚባለውን ማዕድን ለረጅም ዘመን ሲጨምሩበት ኖረዋል። ልጆቻችን የሚጽፉበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ስሙ እንጂ ውስጡ ይህ ማዕድን የለበትም። እኔ የምለው ጥይት የሚሠራበትን ከባዱን ማዕድን ነው። ከብረት ሥር ቀድሞ የሚቀባው ቀዩ የዝገት መከላከያ በብዙ አገር የሚሠራው ከዚሁ ማዕድን ነበር። ደማቁ ቢጫና ነጩም እንዲሁ።

ይህ ማዕድን ወደ ሰውነት ሲገባ አንጎልን ይጎዳል፤ የደም ማነስም ያመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ሕፃን ልጅ የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ ሰው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጦ ወደ ደሙ ያስገባል። በዚያ ላይ ሕፃን እጁን ከአፉ አይለይም። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ልጁ አያስለው፣ አያተኩሰው፣ አያስመልሰው ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ትምህርት የማይገባውና መቀመጥ የማይችል ልጅ ሲሆን ግን፣ ምክንያቱ አንድ ቀን የለቀመው ቀለም ይሁን ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ የለም። ነፍሰ ጡር ሴትም ብትሆን ከዚህ ሥራ መራቅ አለባት። በእናት አጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደሟ ተመልሶ ወደ ፅንሱ ያልፋልና።

ይህ ዕውቀት ትናንት የመጣ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ስምምነት ነጭ የእርሳስ ቀለም ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል ሲከለክል፣ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች በኢንዱስትሪ የቅብ ሥራ ላይ ይህን ቀለም እንዳይነኩ ወስኗል። አሜሪካ ለቤት የሚውለውን የእርሳስ ቀለም ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ መሠረት በአንድ ሚሊዮን ክፍል ቀለም ውስጥ እርሳስ ከ90 ክፍል መብለጥ የለበትም። ይሁንና ደንቡ የሚቆጣጠረው አዲሱን ቀለም ነው። ከደንቡ በፊት በየበራችንና በየአልጋችን ላይ የተደራረበው አሮጌ ቀለም አሁንም እዚያው ተለጥፎ አለ። እርሳስ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም። ሳይነካ ተጣብቆ ሲኖር አደጋው ይቀንሳል። በደረቁ ሲፋቅ ግን ዱቄት ሆኖ በእንጀራው ላይ፣ በጡጦው ላይ፣ በልጁ እጅ ላይ ያርፋል።

ሐኪሟ የልጄን ደም ለደም ማነስ መርምራ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። ለክትትል ቀጠሮ ሰጠችኝ። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ስለሚመጥጥ፣ ምስርና ጎመን፣ ወተትም እንዳይቀርበት መከረችኝ። «የተፋቀው ቀለም የት አለ?» ብላም ጠየቀችኝ። ወዲያው ትዝ አለኝ። አባቴ ከጓሮው ቆሻሻ ጋር ከምረውት ነበር። ለምን እንደ ከመሩትም ግልጽ ነው፤ ኅዳር 12 ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ ሰፈርተኛው በዚያ ቀን ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጥናል። በሽታን ለማባረር ብለን የእርሳስ ቀለም ብናቃጥል ግን መርዙን በጢስ መልክ መልሰን ወደ ጎረቤቱ ሁሉ መላካችን ነው።

ረቡዕና ሐሙስ በቤታችን ወሬ አልነበረም። አባቴ ልጁን በደንብ ይጠብቃሉ፤ ምሳውን ያበሉታል፤ እኔ ስመጣ ግን «ደህና ዋልሽ» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። አልጋው ግማሹ ተፍቆ፣ ግማሹ አረንጓዴ እንደ ሆነ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ጓሮ ቆሟል። ሐኪሟ ያለችኝን ልነግራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምክንያቱም የማቀርበው ቃል ሁሉ «እርስዎ አያውቁም» ከማለት የሚያልፍ አልሆነልኝም። አባቴ ደግሞ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ይህ ሥራ ነው።

እሑድ ቡና አፍልቼ ሳለ ልጄ በአያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም፣ «አባባ፣ እስኪ ስለዚያች ሳምቡክ ይንገሩት» አልኳቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነግሩን የኖሩት ታሪክ ነው።

አባቴ በምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በአሜሪካ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1962 ለአገራችን በተሰጠችው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይም ሠርተዋል። የባሕረኛ ኑሮ ሲባል ብዙ ሰው ማዕበሉና ነፋሱ ይታየዋል። አባቴ እንደሚሉት ግን የባሕረኛ ዋና ሥራ መፋቅና መቀባት ነው፤ ጨው ውኃ ብረትን አያሳርፍምና። በዕረፍት ቀናቸው ደግሞ ከወደቡ ዳር አንድ ሽማግሌ የነበራቸውን አሮጌ ባለ ሸራ ሳምቡክ ሲያድሱ እየሄዱ ያግዟቸው ነበር።

«ሳምቡኳ ለብዙ ወራት ውኃ ላይ ቆማ ሆዷ አይታይም ነበር» አሉ አባቴ ለልጄ፣ የሚገባው ይመስል። «ባሕር ውስጥ የቆመ ጀልባ መጀመሪያ ልጥልጥ ነገር ይይዘዋል። ከዚያ አረንጓዴ ሣር ይበቅልበታል። ቀጥሎ ቅርፊታቸው እንደ ዛጎል የጠነከረ ጥቃቅን እንስሳት እየመጡ ይጣበቁበታል። ያን ጊዜ ሸራው የቱንም ያህል ነፋስ ቢይዝ ጀልባው አይሄድም። እንጨት የሚበላ የባሕር ትልም አለ፤ ከውጭ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ነው፣ ውስጡን ግን ወንፊት ያደርገዋል።»

«የጣና ታንኳ ይሻላል ማለት ነው» አልኩ ወሬው እንዳይቋረጥ።

«የጣናው ደንገል ነው። ውኃ ስለሚመጥጥ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቁታል፤ በወራት ውስጥ ያልቃል፤ ሌላ ይሠራል። ሳምቡክ ግን የዕድሜ ልክ ዕቃ ነች። ውኃው ከፍ ሲል ወደ ዳር እናስጠጋታለን። ሲሸሽ በጎኗ ትጋደማለች። ያን ጊዜ ሆዷ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። ሽማግሌው ቁመው ‹ፋቁ! ሳይደርቅ ፋቁ!› እያሉ ይጮኹብናል። የምጽዋን ፀሐይ አታውቁትም። ርጥብ ሳለ በስፓቱላ እንደ ገንፎ የሚነሣው ነገር ከደረቀ ድንጋይ ይሆናል። አቧራውም ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ አንዱ ይፍቃል፣ አንዱ ከኋላው ውኃ ይደፋል…»

አባቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስኒውን እንደ ያዙ ወደ ጓሮው ተመለከቱ። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

«ውኃ እንደፋ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ልጁን እያዩ፣ «ሐኪሟ ምን አለችሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ እርሳሱ፣ ስለ ኅዳሩ ጢስ፣ ስለ ቀጠሮው። አንድም ሳይቀር አዳመጡኝ።

የቀረውን ታሪካቸውን የጨረሱልን ማታ ነው። ሳምቡኳ ከተፋቀች በኋላ የሳንቃዎቿን መገጣጠሚያ በዘይት የተነከረ ጥጥ እየጠቀጠቁ ደፈኑት። ከውኃ በታች የሚውለውን ሆዷን ኖራና የእንስሳት ሞራ ለውሰው ቀቡት፤ ትሉን የሚከለክላት እርሱ ነው። ከውኃ በላይ ያለውን ሳንቃ ደግሞ በዓሣ ዘይት አሹት። ሳምቡኳ እንደገና ሸራዋን ዘርግታ ወጣች። «ኢትዮጵያ» መርከብ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀርታለች። አባቴ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመያዟ ጥቂት ወራት በፊት በሕመም ፈቃድ አዲስ አበባ መጥተው ስለ ነበር ከጓደኞቻቸው ጋር እንኳ አልተሰናበቱም። ከዚያ ሕይወት የተረፋቸው በእጃቸው የያዙት ሙያ ብቻ ነው። ይህን ሳስበው ማክሰኞ ዕለት «ይኸው ምን ሆንኩ?» ማለታቸው ምን ማለት እንደ ነበር ገባኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሾላ የወረድነው አብረን ነው። ልጁን እኅቴ ዘንድ አደረስነው። ከገበያ ውኃ የማይፈራውን ጥቁሩን የብርጭቆ ወረቀት፣ የጎማ ጓንት፣ አቧራ የሚያጣራ ጭምብል፣ ሰፊ ላስቲክ፣ አንድ የውኃ መርጫ፣ አንቲ ረስት የሚሉትን የዝገት መከላከያና ነጭ ቀለም ገዛን። ቀለሙን ስንገዛ አባቴ ጣሳውን አዙረው አዙረው ካነበቡ በኋላ፣ «እርሳስ የሌለበት የሚል የተጻፈበት አምጣልኝ» ብለው ሁለት ሱቅ አስዞሩኝ።

እንዴት እንደ ሠራነው የምነግራችሁ ከእናንተ መካከል ብዙዎች በየቤታችሁ ይህንኑ ሥራ እንደምትሠሩ ወይም እንደምታሠሩ ስለማውቅ ነው። ሥራው በግቢ ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ አይሁን፤ በርና መስኮት ይዘጋ፤ የተሰጣ ልብስም ይነሣ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች በአካባቢው አይኑሩ። ከዕቃው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ። ቀለሙ ውኃ እየተረጨበት ርጥብ እንደ ሆነ ይፋቅ፤ በደረቅ ብሩሽ አይሞሽር፤ ይልቀቅልኝ ተብሎም በእሳት አይለብለብ። የሚወርደው ልቅላቂ በላስቲኩ ላይ እንዳለ ተጠቅልሎ በከረጢት ይታሠርና ከቤት ቆሻሻ ተለይቶ ይወገድ እንጂ አይቃጠል፤ በቦይ ውስጥም አይደፋ። ወለሉ በመጥረጊያ አይጠረግ፤ በሳሙና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይወልወል። የሠራው ሰው ልጅ ከማቀፉና ምግብ ከመቅመሱ በፊት እጁንና ፊቱን ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱን አውልቆ ከሕፃኑ ልብስ ለይቶ ይጠብ።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ርጥብ ብረት ለዝገት ፈጣን ነው። ስለዚህ ተፍቆ እንዳበቃ በደረቅ ጨርቅ አብሶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ በዚያው ዕለት አንቲ ረስቱን መቀባት ያስፈልጋል። ነጩ ቀለም ከዚያ በኋላ በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ቀለም ይጨማደዳል፤ ሕፃኑም በጥርሱ ሊልጠው ይችላል። ከተቀባ በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ልጅ አይተኛበትም።

አረንጓዴው ወርዶ ሰማያዊው ሲወጣ አባቴ ቆም ብለው፣ «ይኼ ያንቺ ነው» አሉኝ። ቀጥሎ ነጩ፣ ከነጩም ሥር ቀዩ የዝገት መከላከያ ብቅ አለ። ሐኪሟ የፈራችው ዓይነት ቀለም ነው። አባቴ አዩት፤ ውኃ ጨመሩበት፤ ምንም አልተናገሩም።

ሲመሽ መሣሪያችንን ስናጥብ እኔ፣ «አባባ፣ በዚያን ዕለት ስለ ጮኽኩብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። እርሳቸውም፣ «ልጅሽ ነው፤ ትጮኺያለሽ» አሉኝ። ጥቂት ዝም አሉና ደግሞ፣ «ቅያሜም እንዲሁ ነው፤ ሳይደርቅ ይፋቃል» አሉ።

ዛሬ ልጄ በዚያ አልጋ ላይ ይተኛል። ለክትትል ቀጠሮው ጤና ጣቢያ የወሰዱት አያቱ ናቸው፤ ሐኪሟም ደህና ነው ብላቸዋለች። እናንተም እኅቶቼ፣ በቤታችሁ ያለው አሮጌ ዕቃ ይጣል አልላችሁም። በእቁብ ብር ተገዝቶ አራት ልጅ ያሳደገ ዕቃ ሊጣል አይገባውም። ነገር ግን ከመታደሱ በፊት በላዩ የተደራረበው ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ውኃውንም ልጁንም ሳናዘጋጅ ብሩሹን አናንሣ። ልጅ የሚጠብቁልንን አረጋውያንም በጩኸት ከማሳፈር፣ ከራሳቸው ዕውቀት ውስጥ መልሱን እንዲያገኙ ብንረዳቸው ልጁም ይድናል፤ የእነርሱም ክብር ይጠበቃል።